የግራዝማች ማንጎ

ግራዝማች ንጉሡ የሚባለውን ሰው በሕይወት ሳለ አንቱ እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ሞቷልና ይበቃዋል፤ እሱ እያልኩ አወራለሁ።

የአክስቴ የበለጡ ባል ነበር። እኔ አስቻለች፣ ትዳሬ ፈርሶ ከወግዲ ስመለስ የገባሁት እነሱ ቤት ነው። እንጀራውን በልተሽ ታሚዋለሽ የሚለኝ ካለ፣ ያንን እንጀራ ያበቀሉት ጢሰኞቹ ናቸው እለዋለሁ። እሱማ ግራዝማችነቱን እንኳ ጦር ሜዳ ውሎ አላገኘውም። አባቱ ሲሞቱ ማርና ቅቤ በበቅሎ አስጭኖ ደሴ ሄደ፤ ከአንድ ትልቅ ሰው በር ደጅ ሲጠና ከርሞ ይዞት የመጣ ማዕረግ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ፊት ለፊት የሚናገረው ግን አልነበረም፤ በዙሪያው ያለው ሰፊ መሬት የሱ፣ የአጥቢያ ዳኝነቱም የሱ ነበርና። አጭር ሰው ነበር፤ ካባውን ግን ለረጅም ሰው ልክ ስላሰፋው ሲሄድ መሬት ይጠርግለት ነበር።

የማንጎው ነገር የተጀመረው በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ለመሬት ክርክር ደሴ በወረደበት ጊዜ አንድ ባለጸጋ ቤት ምሳ ተጠራ። ከምግብ በኋላ ፍራፍሬ በሰሃን ቀረበ። ግራዝማች ማንጎ አይቶ አያውቅም፤ አላውቅም ብሎ መጠየቅ ደግሞ በሱ ቤት ውርደት ነው። እንደ ድንች በጭብጡ ይዞ ከነልጣጩ ገመጠው። ጭማቂው በጺሙ ወርዶ ነጭ ኩታውን አበላሸው። ከማዶ የተቀመጡት ወይዛዝርት ሳቁ። ጋባዡ ሳቁን ለማብረድ ብሎ፣ ማንጎው ከሩቅ የመጣ ሳይሆን ከገዛ ጓሮው የተቀጠፈ መሆኑን አወራ። ውሸቱን ነው፤ ደሴ ብርድ ነው፤ ፍሬው ከባቲ በኩል ለገበያ የመጣ ነበር። ግራዝማች ግን አመነ። ይህን ሁሉ የነገረን በቅሎውን ይዞ አብሮት የሄደው አሽከር ነው፤ ሲነግረን አፉን በኩታው ጫፍ ሸፍኖ ነበር።

ግራዝማች ሲመለስ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ደሴ የበቀለ ነገር መካነ ሰላም የማይበቅልበት ምክንያት አልታየውም። ሽማግሌዎች ሊመክሩት ሞከሩ። አገራችን ደጋ ነው፣ ኅዳር ሲገባ ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ይህ የቆላ ተክል ነው አሉት። አገሩ ደጋ የሆነው እናንተ ሰነፎች ስለሆናችሁ ነው ብሎ መለሰላቸው። ይህንን ሲናገር እየቀለደ አልነበረም። ሽማግሌዎቹም በሥነ ሥርዓት እጅ ነስተው ወጡ፤ ከአጥሩ ውጭ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ መገመት ግን አያቅተኝም።

ግራዝማች ለፍራፍሬ ችግኝ መግዣ ብሎ፣ ሞላ የሚባለው ጢሰኛ የሚያርስባቸውን ጥማድ በሬዎች ሸጠ። ሞላ ብዙ የማይናገር ጠይም ሰው ነበር። ከሚስቱ ከፈንታዬ ጋር ከግቢው በታች ባለች ጎጆ ይኖር ነበር። በሬዎቹ የግራዝማች ይሁኑ እንጂ ከጥጃነታቸው ጀምሮ ያሳደጋቸው ሞላ ነው። ሲሸጡ እስከ ገበያው ድረስ የነዳቸውም እሱ ራሱ ነው። ግራዝማች የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ሌላ ጥማድ እንደሚገዛለት ቃል ገባለት፤ ሞላም እሺ አለ። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይላል?

ችግኞቹን ያመጣው ቸኮል የሚባል የኮምቦልቻ ነጋዴ ነው። እስከ አቀስታ በጭነት መኪና አመጣቸው። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ክረምቱ ስላበላሸው በበቅሎና በጢሰኞች ጀርባ ተጫኑ። ከመጫናቸው በፊት አቀስታ ላይ ውጭ አድረው ነበር፤ የአቀስታን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መካነ ሰላም ሲደርሱ ፓፓያዎቹ እንደተቀቀለ ጎመን ጠውልገዋል። ግራዝማች ካባውን ደርቦ በር ላይ ቆሞ እንደ ሙሽራ ተቀበላቸው። ቄስ አስጠርቶ ጸበል አስረጨባቸው። ቄሱም ረጩ፤ ርስታቸው ከሱ ርስት ጋር የሚዋሰን ነበር።

ቸኮል ከጣሳ ወደ ጣሳ እየዞረ ስም ይጠራ ጀመር። ይህ ብርቱካን ነው፣ ያ ሙዝ፣ እነዚያ ፓፓያ። በመጨረሻ ረዘም ያለ ሹል ቅጠል ያለውን አንድ ችግኝ ከፍ አድርጎ አሳየና ማንጎ እንግዲህ ይህ ነው፣ ብርቅ ስለሆነ ከአንድ በላይ አላገኘሁም አለ።

አክስቴ ከኋላ ቆማ ነበር። ደጎሎ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከአባቷ ቤት ጀርባ ያለው አጥር የኮክ ዛፍ ነበር። ጠጋ ብላ አንድ ቅጠል ቀጠፈች፣ በጣቶቿ አሸችና አሸተተችው። ኮክ ነው። እኔም ሳየው አወቅሁት፤ ሞላም አውቆታል፤ ከአቀስታ ጀምሮ የተሸከሙት ሰዎች ሁሉ አውቀውታል።

“ግራዝማች፣ ይህ እኮ...” ብላ ጀመረች።

ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። የደጎሎ ገብስ አብቃይ ልጅ ስለ ማንጎ ልታስተምረኝ ነው እንግዲህ ብሎ ለቸኮል እየሳቀ ነገረው። ቸኮልም አብሮት ሳቀ። አክስቴ ቅጠሉን ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። ተከትያት ገብቼ ለምን እንዳልነገረችው ጠየቅኋት።

“ተይው፣ ያጠጣ፣” አለች። “ኮኩን እንደ ንጉሥ ልጅ ያሳድግ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።”

ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ለብዙ ዓመት ሲንቃት የኖረ ሰው ነው፤ አሁን እሷም የምትንቅበት አንድ ነገር አገኘች፤ የግሏም አደረገችው። ከዚያ በኋላ እሱ ስለ ማንጎው ባወራ ቁጥር ዓይኗን ወደኔ ትልካለች። ሁለታችንም ከንፈራችንን ነክሰን ሳቃችንን ይዘን፣ ጓዳ ስንገባ እንለቀዋለን።

ኅዳር ሲገባ ውርጩ ብርቱካኖቹን አጠቆራቸው። ፓፓያዎቹ ከዚያ በፊት ሞተዋል። ሙዙ ቅጠል ብቻ እያወጣ ኖረ፤ አክስቴ ቅጠሉን እየቆረጠች ዳቦ ትደፋበት ነበር። ኮኩ ደግሞ እንደ ማንኛውም ኮክ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አረገፈ። ግራዝማች ሊያብድ ደረሰ። ከሣጥን ሁለት ቡልኮ አውጥቶ ዛፉን አለበሰው፤ አንደኛው አክስቴ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነበር። ጠዋት ይገፈፋል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለብሳል፣ ዙሪያውን ፍም በገል ይቀመጥለታል። የካቲት ላይ ኮኩ በራሱ ጊዜ ሲያቆጠቁጥ በግ አርዶ እንግዳ ጠራ። ደጋን አሸነፍኩት አለ። እንግዶቹ በጉን እየበሉ መረቁት።

በዚያው ዓመት በልጉ ከዳ። መጋቢት ላይ ብቻ ለጥቂት ቀን ጣል ጣል አደረገ። አገሬው ያንን ዝናብ ተሻምቶ ዘራ፤ ኋላ ጥቂት ገብስ ያገኘ ሰው ያገኘው በዚያ ነው። ሞላ በሬ አልነበረውም። ግራዝማች እገዛለሁ ያለውን ጥማድ አልገዛም። ይባስ ብሎ ሰው ሁሉ ሲያርስ ሞላን ከምንጩ እስከ ጓሮው ድረስ ቦይ አስቆፈረው። ምንጩ ያለው ከግቢው በታች ነው። ውሃ ሽቅብ እንደማይሄድ ለግራዝማች የተገለጠለት ቦዩ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቦዩ ይቅር፣ ውሃው በሰው ጀርባ ይምጣ አለ። ዝናቡ በዚህ መሃል አለፈ። የሞላ ማሳ ሳይነካ ቀረ።

ሞላና ፈንታዬ ውሃ ቀጂ ሆኑ። ምንጩ እየቀጠነ ሲሄድ የከተማው ሴቶች ወረፋ እየያዙ በጣሳ ይቀዱ ጀመር። ለግራዝማች እንስራ ግን ወረፋ አልነበረበትም። ሴቶቹ ፈንታዬን ይረግሟታል፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ቀድታ፣ አዝላ፣ ዳገቱን ትወጣለች። አንድ ቀን ከአክስቴ ጋር ጓሮ ቆመን ሳለ መጣች። ውሃውን ከኮኩ ሥር ስታፈስ ደረቷ ሲያፏጭ ይሰማን ነበር። ቀና ብላ አክስቴን አየቻት። አክስቴ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻትና ገባን።

ፈንታዬ ነሐሴ ላይ ሞተች። ረሃብ ይሁን ሳምባ ማንም አልለየውም፤ በዚያ ዓመት የሚለይ አልነበረም። ግራዝማች ሚስቱን እንዲቀብር ለሞላ ግማሽ ቀን ፈቀደለት። ከሰዓት በኋላ ሞላ እንስራውን ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት። እንስራው የፈንታዬ ነበር።

ስድሳ ስድስት ሲብት ከዓባይ ቆላና ከወግዲ በኩል ሰው ወደ ከተማው ይጎርፍ ጀመር። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም የመስጊዱ ጥግም ሰው አፈራ። ነጋዴዎቹ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በበርሜል ንፍሮ እየቀቀሉ ያድሉ ነበር። አስተማሪዎች ከደሞዛቸው ያዋጡ ነበር። ግራዝማች አዋጣ ሲባል ረሃብ የሚባል ነገር እንደሌለ ተናገረ። ቆለኛ ሥራ ሲጠላ ነው የሚሰደደው አለ። የጎተራው ቁልፍ ከወገቡ አይለይም። በር ላይ ሰው ሲወድቅበት ደግሞ ዘበኛውን ጠርቶ ወደ ጎረቤት አጥር እንዲያስጠጋው ያዘዋል። እንዲያስጠጋው ነው ያልኩት፤ የሱ ደግነት እስከዚያ ነበር።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከአክስቴ ጋር ከገበያ ስንመለስ በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኘን። የለበሰችው ቀሚስ አልቆ ክሩ ነበር የቀረው። ሻሿን ፈትታ ሕፃን ልጇን ጠቅልላበታለች፤ ራሷ ገላጣ ነበር። አክስቴ ማንነቷን ጠየቀቻት። ሀሊማ እንደምትባል፣ ከቆላ እንደመጣች፣ ባሏ መንገድ ላይ እንደቀረ ነገረችን።

“ምግብ አልልዎም እሜቴ፣” አለች። “ለልጁ የዛሬን ብርድ የሚያሳልፍለት ጨርቅ ብቻ። ረቢ ይስጥዎ።”

አክስቴ ወደ ግቢ ገባች። ግራዝማች ጓሮ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሞላ ዛፉን ሲያለብስ ይቆጣጠር ነበር። አጣጣፉ አላማረውም፤ ገፍፈህ እንደገና አልብሰው ይለዋል። አክስቴ ቀጥ ብላ ሄዳ አንዱን ቡልኮ ከሞላ እጅ ወሰደች። ሌላውን ከዛፉ ላይ ስትገፍፈው ቅርንጫፍ ተሰበረ። ግራዝማች ብድግ አለ። አበድሽ እንዴ፣ ማንጎው ዛሬ ሌሊት ይሞታል አላት።

“አይሞትም። ኮክ ውርጭ አይፈራም።”

“ምን አልሽ?”

“ኮክ ነው ንጉሡ። የመጣ ዕለት ኮክ ነበር፣ ዛሬም ኮክ ነው። አገሩ ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ።”

በስሙ ስትጠራው፣ አንተም ስትለው ስሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። ግራዝማች ወደ ሞላ ዞረ፤ ሞላ መሬት መሬት አየ። ወደኔ ዞረ፤ እኔም ዓይኔን ወደ ዛፉ መለስኩ። ከዚያ ዘበኛውን ጠርቶ ቡልኮዎቹን እንዲቀማት አዘዘው። ዘበኛው እንዳልሰማ ሆኖ ወደ በሩ ሄደ። ግራዝማች የሚያዘው ሰው ሲያጣ ምን እንደሚሆን ያኔ አየሁ። በርጩማው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ስንት ዘመን የፈራነው ይህንን ነበር።

አክስቴ ሀሊማንና ልጇን በቡልኮዎቹ ጠቅልላ ወደ ቤት አስገባቻቸው። በነጋታው የጎተራውን ቁልፍ ከወገቡ ፈታ ወሰደች። አልተከላከላትም። ገብሱ እየተሰፈረ ለንፍሮው መዋጮ ወጣ። ሀሊማ ከነልጇ ተረፈች፤ ከኛው ጋር ቀረች። የበለጡ ቡልኮ እየተባለ በከተማው ተወራ፤ ቄሱም ሼኹም አክስቴን አመሰገኗት። እሷም ምስጋናው ደስ ይላት ነበር፤ ገበያ ስትወጣ አንገቷ ቀና ብሎ ነው። ግራዝማች ግን ኮኩ ውርጩን ሳይሞት ሲያሳልፈው አይቶ፣ ማንጎዬ ብርዱን ለመደው እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገር ጀመር። ፈዘዝ ያለ ቀይ አበባ ሲያወጣም ማንጎ ነው አለ። ነገሩን አላወቀም ልበል ወይስ ማወቁን እንቢ አለ? ሁለቱም ያው ነው።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ወታደሩ ተነሣ፣ ጃንሆይ ወረዱ፣ በስድሳ ሰባት የካቲት መሬት ለአራሹ ሆነ። ወደኛም የመጡ ዘማች ተማሪዎች ነበሩ፤ አለቃቸው መለሰ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ክረምቱ መውጫ ላይ ገበሬው በግራዝማች ግቢ ተሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ። ሞላን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ። መለሰ ስለ ፊውዳል ሥርዓት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ግማሹን የሰማው አልነበረም። በመጨረሻ ግራዝማች የሚለው ካለ እንዲናገር ተፈቀደለት።

 ይፎክራል ብለን ነበር፤ ወይም ይለምናል፣ ወይም ይረግመናል። ካባውን አስተካክሎ ወደ መሃል ወጣ።

“መሬቱን ውሰዱት፣” አለ። “ጎተራውንም ውሰዱት። ማንጎዬን ብቻ አትንኩብኝ።”

በጣቱ ወደ ኮኩ አመለከተ። ዛፉ ያን ጊዜ አፍርቶ ነበር፤ ጠጉራም ትንንሽ ኮኮች ተንጠልጥለውበታል። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ሳቁ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ፣ ተደግፎ እስኪቆም ሳቀ። መለሰ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም፤ ማንጎው የቱ ነው እያለ ሰው ይጠይቅ ነበር። ቢገርፉት፣ ቢያስሩት ግራዝማች ኩራት በኖረው። የመታው ግን ማንም አልነበረም። ካባውን በእጁ ሰብስቦ ወደ ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ በቅሎ ጭኖ ደሴ እህቱ ቤት ሄደ፤ የሞተውም እዚያው ነው።

ሳቁ ሲበርድ ሰዎች አክስቴን ያነሱ ጀመር። ቡልኮ ገፍፋ ድኻ ያለበሰች፣ ጎተራ የከፈተች እሷ ናት፣ ከኮሚቴው ትግባ አሉ። መለሰም ደገፈው። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ያን ጊዜ ሞላ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቆመ።

“እሜቴ በለጡ፣” አለ፤ “ኮክ መሆኑን መቼ አወቁ?”

“የመጣ ዕለት።”

“እኔም የዚያን ዕለት አወቅሁ። እኔ ብናገር የሚጠብቀኝ ግርፋት ነበር። እርስዎ ቢናገሩ ምን ይደርስብዎ ነበር?”

አክስቴ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ልትል የምትችለውን አውቀው ነበር፤ ባሌ በነጋዴ ፊት ስቆብኝ ነበር ልትል ነው። መልሱ ከዚያ ሌላ አልነበረም። ያንንም ሞላ ፊት አውጥታ መናገር አልቻለችም።

“ፈንታዬ ያንን ውሃ ስትሸከም፣” አለ ሞላ፣ “እናንተ እዚያ ጓዳ ትስቁ ነበር። ሳቃችሁ ይሰማን ነበር።”

ድምፁን ከፍ አላደረገም። አክስቴ ተቀመጠች። መለሰ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ፤ አክስቴም ኮሚቴው ውስጥ አልገባችም።

ከባሏ ጋር ደሴ አልሄደችም። እንደ ማንኛውም አባወራ መሬት ደረሳት። የሚያርስላት ስለሌለ፣ ማኅበሩ ለአቅመ ደካሞችና ለሴቶች ባወጣው ተራ ይታረስላት ጀመር። ሞላ ሊቀመንበር ነኝ ብሎ ከተራው አልሸሸም። ከጎረቤቱ ጋር በሬ አቀናጅቶ መጣ፤ ጠለቅ አድርጎ፣ ድንበሩን ሳይነካ፣ እንደ ራሱ ማሳ አረሰላት። እኩለ ቀን ላይ አክስቴ ምሳ በመሶብ ይዛ ወጣች። ሞላ ቆብ አንሥቶ አመሰገናት፤ ጠግቤያለሁ አለ። ከዚያ ከማሳው ዳር ሄዶ ተቀመጠና ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ቆረጠመ።

በዓመቱም እንዲሁ ሆነ። አክስቴ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ይቀበል ይሆናል ብላ ምሳውን በሀሊማ ላከችለት። ሞላ ማን እንደሠራው ጠየቃት። ሀሊማ መዋሸት አልሆነላትም። መሶቡ ሳይከፈት ተመለሰ።

እኔ ግራዝማችን የናቅሁትን ያህል የናቅሁት ሰው የለም፤ ንቀቴ ግን አንዲት እንስራ እንኳ ከፈንታዬ ጀርባ አላወረደም። ሞላ አክስቴን እያረሰላት ነው የናቃት። እሷም እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ምሳውን ሠርታ ይዛ ትወጣ ነበር። አንድም ቀን አልበላላትም፤ እርሻዋም አንድ ዓመት ጦም አላደረም።